የእማማ ያደቴን ድምፅ የሚሸፍን ፒያኖ

ክላሲካል ፒያኖ መምረጥን እናንተ የት እንደተማራችሁ አላውቅም። እኔ የተማርኩት ነፋስ ስልክ፣ በአጎቴ ቤት፣ ሰው እንዳይታሰርብኝ ስል ነው። ዛሬ ልጆቼ በስልካቸው ፒያኖ ከፍተው «እማዬ፣ የትኛው ይሻላል?» ሲሉኝ ሳላስበው «ጮክ የሚለው» እላለሁ። ይስቁብኛል። ለምን እንደዚያ እንደምል ነግሬያቸው አላውቅም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከሆሳዕና የመጣሁት ስፌት ልማር ብዬ ነበር፤ ያረፍኩት በእናቴ ወንድም በጋሼ ኤርሲዶ ቤት ነው። ጋሼ ሚስቱ ሞታበት፣ ልጅም ስላልነበረው፣ ቤቱን የምይዝለት እኔ ሆንኩ። ምላሰኛ ነበርኩ። ጋሼ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ምላሷ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም» እያለ፣ ገና ሳላስቀይማቸው ይቅርታ ይጠይቅልኝ ነበር።

ጋሼ ሾፌር ነበር። ለብዙ ዓመት ያመላለሳት አንዲት ፈረንጅ የፒያኖ አስተማሪ አገር ለቃ ስትሄድ፣ ሸክላ ማጫወቻዋንና አንድ ሣጥን ሙሉ ሸክላ ሰጠችው። ከሣጥኑ ውስጥ አንድም ዘፈን አልነበረም። ፒያኖ ብቻ፣ ያውም አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚመታው። ጋሼ ስጦታውን አመስግኖ ተቀበለና አልጋ ሥር አስገብቶ ረሳው።

ያስታወሰው ጸሎት ቤታችን ሲታሸግ ነው። ጴንጤ መባል የሚያሳስርበት ዘመን ነበር። ጋሼም አንዴ ታስሯል። ያ ግዙፍ ሰው ከወራት በኋላ ሲወጣ ኮቱ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። ሲለቁት «ሁለተኛ ሰው ሰብስበህ ብትገኝ በሕይወት አትወጣም» ብለውታል። ታዲያ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ሳስብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማኞችን ጓዳችን ውስጥ መሰብሰብ ጀመረ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩት።

«ማርታ፣ ብቻዬን መጸለይ ብቻዬን እንደ መብላት ነው፤ አይወርድልኝም» አለኝ። በዚሁ አበቃ።

ችግሩ ድምፅ ነው። እኛ ሰዎች በሹክሹክታ መጸለይ አንችልበትም፤ በሹክሹክታ ጀምረን በጩኸት እንጨርሳለን። ታዲያ ድምፃችንን የሚሸፍን ነገር አስፈለገ። እኔ «ዘፈን እንክፈት» ብል አማኞቹ ሊበሉኝ ደረሱ፤ በጸሎት ሰዓት ዓለማዊ ዘፈን! ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር የሳበው። ፒያኖስ ዘፈን ነው ወይስ አይደለም በሚል ግማሽ ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ቃል የለውም። ቃል የሌለው ነገር ምን ብሎ ይበድላል?» ብለው ፈረዱና ተፈቀደ።

የሸክላው ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ሽፋናቸው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ስለማልችል በሥዕላቸው ስም አወጣሁላቸው፤ ጺማሙ፣ ቀይ ቀሚስ፣ ድልድዩ፣ ባሕሩ። ሰው ሙዚቃ ሲመርጥ የሚጥመውን ይመርጣል፤ እኔ የምፈልገው ትንፋሽ የማይወስደውን ነበር። በግራ እጁ ወፍራሙን የሚደበድብ የወንዶቹን ድምፅ ይሸፍንልኛል። በቀኝ እጁ ቀጭኑን የሚያንጫጫ የሴቶቹን። ሁለት እጁን ከዳር እስከ ዳር የሚያሠራ ከተገኘ እሰየው ነው። ለስላሳ፣ ልብ የሚያባባ ከሆነ ግን ወደ ሣጥኑ ግርጌ ይወርዳል። ጋሼ ጓዳ ገብቶ እየጸለየ፣ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አዳምጥ ነበር፤ አንድ «ጌታ ሆይ» ከተሰማኝ ያ ሸክላ ወደቀ ማለት ነው። አንደኛ የወጣው ጺማሙ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ።

ሰው በር ካንኳኳ የማጫወቻውን ድምፅ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያን ጊዜ ጓዳው ጸጥ ይላል። ከእማማ ያደቴ በስተቀር።

እማማ ያደቴ ከለቡ ነበር የሚመጡት። ለቡ ያኔ ገጠር ነው፤ እርሻቸውን እዚያ ያርሳሉ፣ ጎመን ሳሪስ አምጥተው ይሸጣሉ፤ ጋሼም ያገኛቸው እዚያው ገበያ ነው። ጆሯቸው እምብዛም አይሰማም። ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ መጸለይ ከጀመሩ በኋላ ምልክቴ አይደርሳቸውም፣ ትከሻቸውን ቢነኳቸውም እጅ ይገፋሉ። የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይመስል ነበር፤ ከመካከላችን ግን ኦሮምኛ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን ጮክ ብዬ «ልጅ አለዎት?» ብላቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ አሳዩኝ። የሞተባቸው መሰለኝና ዳግመኛ አልጠየቅኋቸውም።

የዚያን ቀን ቅዳሜ ነው። ጺማሙ ያለ ዕረፍት አገልግሎ መሃሉ ላይ ተጭሯል፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ አንዱን ነገር እየደጋገመ ይቀራል። ሌላ መምረጥ ነበረብኝ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለጠፋ መሞከር አልቻልኩም። ባሕሩን እስከዚያ ቀን አጫውቼው አላውቅም። ሽፋኑ ላይ ማዕበል ተነሥቶ፣ መብረቅ ሰማዩን ሰንጥቆት ይታያል። «በዚህ ውስጥ ነፋስ ስልክ በሙሉ ቢጸልይም አይሰማም» ብዬ አወጣሁት።

መብራት የመጣው ሰዎቹ ገብተው ጸሎት ከጀመሩ በኋላ ነው። ቶሎ ብዬ መርፌውን አሳረፍኩ።

አንድ ጣት አንድ ነገር ነካ። ቆየ። ደግሞ ሌላ ነካ። እንደገና ቆየ።

ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ። ማዕበሉ የት ሄደ? ሰውየው እዚያ ፒያኖ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው። በእያንዳንዱ ዝምታ መሃል የጓዳው ጸሎት እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ሳሎን ይገባል። ሸክላውን ላነሣ እጄን ስዘረጋ በሩ ተንኳኳ። ገና «ማነው?» ሳልል ተከፈተ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ጓድ ደበላ ይባላል፤ ሰፈራችን ከተመደበ ብዙም አልቆየም። ወጣት ነው፣ ስቆ የታየ የለም፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ የበቀለ ይመስላል። እጄ ምልክቱን አልረሳም፤ ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ጓዳው ጸጥ አለ።

እማማ ያደቴ ቀጠሉ።

አንድ የፒያኖ ድምፅ፤ ከዚያ እማማ ያደቴ። ሌላ የፒያኖ ድምፅ፤ ከዚያ እማማ ያደቴ። ጓድ ደበላ መሬት መሬት እያየ ያዳምጣል። ጋሼ አለቀለት አልኩ። ሌላ ምንም ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም።

«ይሄን ሸክላ ቀይሪው» አለ።

«አቤት?»

«ቀይሪው እባክሽ። ያንን ሁልጊዜ የምትከፍቺውን፣ እንደ በረዶ የሚወርደውን አድርጊ። ይሄማ ጉድ ያፈላል።»

ደነገጥሁ ብል አይገልጸውም።

«እርስዎ... ጺማሙን ያውቁታል?» አልኩት፤ እንደ ሞኝ።

«ስሙን አላውቅም። በየሳምንቱ ቅዳሜ አጥራችሁ ሥር ቆሜ ነው የምሰማው። ያኛውም ቢሆን መሃሉ ላይ ይላላል።»

ይህን ጊዜ ጋሼ ከጓዳ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ። ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ እኔን ውሰደኝ» አለው።

«አልጠየቅኩህም ጋሼ» አለ ጓድ ደበላ። «ጥቆማ ደርሷል። የከፍተኛው ካድሬ ራሱ እየመጣ ነው፤ እኔ ቀድሜ ሮጬ ነው የመጣሁት። በጓሮ መውጫ አለ አይደል? ሰዎችህ አንድ በአንድ በባሕር ዛፉ በኩል ይውጡ። አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? አስጩኺው!»

ቀይ ቀሚስን አደረግሁ። በእሷ ድምፅ ተሸፍነው አማኞቹ በጓሮ በር ወጡ። ሲያጠምደን ነው፣ ውጭ የሚጠብቃቸው አለ እያልኩ ጆሮዬን ወደ ጓሮ ጣልኩ። ግን ተኩስም፣ ጩኸትም አልሰማሁም። ጋሼ ተመልሶ መጣና «እማማ ያደቴ እምቢ አሉ። ብነካቸው ገፉኝ፣ ብሸከማቸው ሰፈሩን በእሪታ ያናጉታል» አለ።

ጓድ ደበላ ግድግዳውን ያዘ።

«ገብተው ዝም አያሰኟቸውም?» አልኩት፤ ምላሴ ተመልሶ ነበር።

«እኔን እንድታይ አልፈልግም» አለ። ከዚያ ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። «ድምጿን የሚሸፍን ነው የሚያስፈልገን። ፈልጊ።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ የሆነውን ዛሬም ሳስበው እንደ ቅዠት ነው የሚታየኝ። እኔና ሊያስረን የሚገባው ሰው ጎን ለጎን ተንበርክከን ሸክላ እንመርጣለን። እኔ አስጀምራለሁ፤ እሱ አጥሩ ጋ ሮጦ ያዳምጣል፤ ተመልሶ ራሱን ይነቀንቃል።

«ቀይ ቀሚስ አትሆንም። ትንፋሽ ታበዛለች።»

ድልድዩን አስጀመርኩ። ሄዶ ተመለሰ።

«ይሄ ወፍራሙን ብቻ ነው የሚደበድበው። እሷ የምትጮኸው በቀጭኑ ነው። ለቅሶ ስትጀምር ደግሞ ከዚህም ትወጣለች።»

ድምፃቸውን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ይህ ያን ጊዜ ለምን እንዳላባነነኝ አላውቅም፤ ፍርሃት ሰውን ያደነዝዛል።

«የቀረን ጺማሙ ነው» አልኩ፤ «ግን ተጭሯል።»

«የተጫረው የት ላይ ነው?»

«ከመሃል ትንሽ አለፍ ብሎ።»

«ከጭረቱ አሳልፈሽ አስጀምሪው።»

መርፌውን ከጭረቱ አሳልፌ አስቀመጥሁ። በረዶው ወረደ። ጓድ ደበላ አጥሩ ጋ ደርሶ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሎ አየሁት። «ይሄ ይሸፍናታል» አለ። ወዲያው የመኪና ድምፅ ተሰማ።

ካድሬው ሁለት የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ ገባ። ካኪ የለበሰ፣ ጎልማሳ፣ ድካም የሚታይበት ሰው ነው። ሳሎኑን በዓይኑ ዞረው።

«ስብሰባው የት አለ?»

«ቀድሜ መጥቼ አጣርቻለሁ ጓድ» አለ ጓድ ደበላ። «ከቤቱ ባለቤትና ከእህቱ ልጅ በቀር የለም።»

ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው የምታስጮኺው?»

«ፒያኖ ነው፣ ጓድ።»

«የየት አገር ነው?»

«የሶሻሊስት አገር» አልኩ። የየት አገር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ካድሬው ግን ራሱን ነቀነቀና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጋሼ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። አለፈ አልኩ፤ ተረፍን።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከጭረቱ በኋላ የቀረው ከሸክላው ግማሽ ያነሰ ነው። ጺማሙ አንዴ፣ ሁለቴ ደብደብ አደረገና አለቀ። መርፌው እየተንሿሿ መዞር ጀመረ። ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ካድሬው «ተዪው፣ ራሴን አዞረኝ» አለ።

ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ እማማ ያደቴ ጥርት ብለው ተሰሙ። እያለቀሱ ነበር።

ካድሬው ተነሣ። «ማናት?»

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። አፉን ሲከፍት ጓድ ደበላ ቀደመው።

«እናቴ ናት» አለ።

ጋሼም፣ እኔም፣ ካድሬውም እኩል ነው የደነገጥነው።

«እናትህ?» አለ ካድሬው። «እናትህ ሞታለች ብለህ አልነበር? ግለ ሂስ ስታደርግ፣ እኔ ፊት፣ ሕዝብ ፊት?»

«ዋሽቼ ነው ጓድ። ጴንጤ ስለሆነች አለች ማለት ፈራሁ። እኔ ነኝ እዚህ ያስጠጋኋት፤ ሰዎቹ ስለ እሷ ምንም አያውቁም።»

ለጋሼ ሲል የዋሸው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሌላው በሙሉ እውነት ነበር።

ካድሬው የጓዳውን በር ከፈተው፤ ተከትለነው ገባን። እማማ ያደቴ ብቻቸውን ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። የበሩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ዓይናቸውን ገለጡ። ካድሬውን አላዩም፣ የታጠቁትን አላዩም፤ ከበስተኋላ የቆመውን ነው ያዩት።

«ደበላ! ኢልመ ኮ!» ብለው ጮኹ። ያ «ኢልመ ኮ» ነበር ስንት ቅዳሜ ስንሰማው የኖርነው ቃል። ለካ «ልጄ» ማለት ነው። ተንፏቀው ሄደው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ «ጸለይኩ! እምቢ ብሎኝ ነበር፣ አምላክ አመጣው!» አሉ።

ካድሬው ለአፍታ መሬት መሬቱን አየ። እናት አለው መሰለኝ። ከዚያ ግን «መሣሪያህን አስቀምጥ» አለ።

ጓድ ደበላ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እማማ ያደቴ የተባለውን አልሰሙም፤ ሊቀመጥላቸው እንደመጣ ሁሉ በደስታ «አዎ፣ አስቀምጠውና አረፍ በል» አሉት። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል በሁለቱ ታጣቂዎች መካከል ወጣ።

ጋሼ በሩ ድረስ ተከትሎ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን...» ሲል ካድሬው ሳይዞር «አንተን ማን ጠራህ?» አለው። መኪናው ሄደ።

«ሥራ አለበት» አሉ እማማ ያደቴ፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ግዴለም፣ አይቼዋለሁ።» ጋሼ ግድግዳ ይዞ አለቀሰ፤ እሳቸው የሚያለቅሰው በደስታ የመሰላቸው መስሎኝ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ደበላ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተልኳል የሚል ወሬ ሰማን። እንደታሰረ ነው የሚሉም ነበሩ። ቀበሌ ሄደን እንዳንጠይቅ የምንጠይቀው የማንን ልጅ ነው ብለን? ለእማማ ያደቴ የነገራቸው ጋሼ ነው፤ ሩቅ አገር ተልኳል ብሎ ብቻ። እውነትም ይሁን ውሸት፣ ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረውም። እሳቸውም «ይመለሳል» እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም ፒያኖዬን መምረጤን።

እስከዚያን ቀን ድረስ ጸሎቴ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? የአብዮት ጥበቃዎችን እግር ስበርልኝ እል ነበር። ከዚያ በኋላ አቃተኝ። ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሚረገም ሰው ማጣት ከባድ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ይሄስ እናቱን የት ደብቆ ይሆን እላለሁ። ምላሴ የተገራው ያኔ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ የማውቀው መጥላት ስፈልግ እንኳ እንደ ድሮው እንዳልሆነልኝ ነው።

ደርግ ወድቆ ወታደሩ በእግሩ ሲመለስ እማማ ያደቴ ለቡ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲጠብቁ ከረሙ። ደበላ አልመጣም። ክረምቱ ሲወጣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጆሯቸው ጭራሽ ደክሟል፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ማርታ፣ ያን ቀን ሲወሰድ አውቄያለሁ» አሉኝ። «ጋሼሽ እንዳያዝን ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ወደ እኔ ሳይገባ በፊት፣ እዚያ ሳሎን ቆሞ ምን አለ?»

አፌን ጆሯቸው ላይ ገጥሜ፣ እስከ ቻልኩት ድረስ ጮኼ ነገርኳቸው።

«‘እናቴ ናት’ አለ!»

ጎረቤቶች ምን ተፈጠረ ብለው ከየቤታቸው ወጡ። እማማ ያደቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሰሙ አልመሰለኝም ነበር።

«ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።